የመጀመሪያው ደንበኛ



የጮሌ ልጅ ነኝ። ግቢ ውስጥ "ከየት ነሽ?" ስባል "ከጮሌ" ካልኩ ጠያቂው ፈገግ ይላል። በአማርኛ ጮሌ ማለት ፈጣን፣ ብልጥ፣ ነቃ ያለ ማለት ስለሆነ "ታዲያ አንቺስ ጮሌ ነሽ?" መባሉ አይቀርም። ለምጄዋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው "የት ነው እሱ?" የሚለው ነው። "አርሲ ነው፤ ከአሰላ በስተ ምሥራቅ፣ ደጋው ላይ" እላለሁ። ብዙ ሰው ስለ አርሲ ደጋ የሚያውቀው ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ፈረሱንና ሯጮቹን ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ብዙም ስለማይወራለት ነገር ነው፤ በእጃቸው ውብ ነገር ሠርተው ለመኖር ስለሚሞክሩ የአገሬ ሰዎች፣ እኛ ተማሪዎችም በዚህ ውስጥ ስላለን ቦታ።

አዳዳዬ፣ ማለትም የአባቴ ታላቅ እህት፣ ጪጮ ይሠራሉ። ጪጮ ወተት የሚቀመጥበት፣ ክዳን ያለው የስፌት ዕቃ ነው። ስፌቱ በጣም ጥብቅ ስለሆነ ወተት አያፈስም። ውስጡ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ወተቱ የሚጥመውና ቶሎ የማይበላሸው በዚያ ነው። አፉና ወገቡ ላይ ቆዳ፣ ዶቃና ዛጎል ይገባበታል። አዳዳዬ አንድ ትልቅ ጪጮ ለመጨረስ ከላምና ከማሳው ሥራ በሚተርፋቸው ሰዓት ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል። ገበያ ቀን የሚመጣው ነጋዴ 700 ብር ይሰጣቸዋል።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የባህል ዕቃ ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ከአዳዳዬ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ጪጮ አየሁ። ዋጋው 4,000 ብር ነበር። ከሥሩ ያለው ወረቀት "የኢትዮጵያ ባህላዊ ዕቃ" ይላል። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚባል አልተጻፈም። ማታ ለአዳዳዬ ደውዬ ነገርኳቸው። ዋጋው ያናድዳቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "ማን ሠራው አሉሽ?" አሉኝ።

"የማንም ስም የለበትም" አልኳቸው።

"ታዲያ መሬት አበቀለው እንዴ?" አሉ።

ለነጋዴውም ፍትሕ ልስጠው። ከጮሌ አዲስ አበባ ድረስ መኪና ይከፍላል፤ ባለ ሱቁም የቤት ኪራይ አለበት። በ700 እና በ4,000 መካከል ያለው ሁሉ ሌብነት ነው አልልም። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የአዳዳዬ ልጅ 12ኛ ክፍል ጨርሳለች። በቀለም አመራረጥ እናቷን ትበልጣለች፤ ይህን የሚሉት ራሳቸው አዳዳዬ ናቸው። አሁን ግን ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታለች። እንዳትሄድ ልመክራት ስጀምር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ "እማዬ በዓመት ስንት ትሸጣለች?" አሰብኩት። ዓመት ጥሩ ከሆነ አሥር። አሥር ጊዜ 700 ሰባት ሺህ ብር ነው፤ የዓመት። መልስ አልነበረኝም።

"የፈጠራ ኢኮኖሚ" የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን በስብሰባና በሥልጠና ላይ ሰምተነዋል። የተባበሩት መንግሥታት 2021ን (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) የፈጠራ ኢኮኖሚ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። ቃሉ ሲነሳ በሐሳባችን የሚመጣው ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ሶፍትዌርና ፋሽን ነው፤ ያውም አዲስ አበባ ውስጥ። የክልል ከተማ ልጅ ተሰጥኦ ካለው "አዲስ አበባ ሂድ" ይባላል። ለምሳሌ ሥዕል መማር የሚፈልግ ሰው አርቲስት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትን የሥዕል ትምህርት ቤት ማሰቡ አይቀርም፤ እሱም ያለው አዲስ አበባ ነው። ለገጠሯ ባለሙያ ደግሞ መድኃኒቱ ቱሪስት፣ ኤግዚቢሽን ወይም ወደ ውጭ መላክ ነው ይባላል። እነዚህን አልጠላም። ግን በአገራችን የእጅና የድምፅ ሙያ ሰው አብልቶ የኖረባቸውን ቦታዎች ስመለከት፣ መጀመሪያ የገዛው ቱሪስቱ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሐረርን ውሰዱ። በጀጎል ውስጥ ጌይ ጋር የሚባለውን ባህላዊ ቤት ያየ ሰው ግድግዳው በስፌት እንደተሞላ ያውቃል። ልጃገረዶች ስፌት እየተማሩ ያድጉ ነበር፤ ስፌት የሌለበት ሠርግ፣ ስፌት የሌለበት ቤት አይታሰብም። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። ቱሪስቱ ሲመጣ ያገኘው አስቀድሞ በሕይወት ያለ ሙያ ነበር። ያኖሩት የሐረር ሙሽሮችና እናቶቻቸው ናቸው።

ሽሮ ሜዳንም እንይ። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች እንጦጦ ሥር ሰፍረው የሚሠሩት ጥበብና ነጠላ ዛሬ በውጭ አገርም ይለበሳል። ነገር ግን ሽመናውን ዓመት እስከ ዓመት ያቆመው የአገር ቤት ሰው የበዓልና የሠርግ ልብስ ነው። በዓል ሲደርስ ትዕዛዝ እንደሚኖር ሸማኔው ያውቃል፤ ስለዚህ ክር ይገዛል፣ ልጁን ያስተምራል።

ሦስተኛው ምሳሌዬ ድሬዳዋ ነው። በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የሚባል የወጣቶች ቡድን ተነሳ። በኦሮምኛ መዝፈን እንደ ቀላል በማይታይበት ዘመን፣ በሠርግና በበዓል ላይ ይጫወቱ ነበር። ከእነሱ መካከል ገና ልጅ ሳለ የተቀላቀለ አንድ ታዳጊ በኋላ አሊ ቢራ ተብሎ አገር ምድሩ አወቀው። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ኦሮምኛ የማይሰማውም አዝኗል። ድምፁን አላህ ሰጠው፤ መድረኩን ግን የሰጠው ልጁን ሲድር "ኑና ተጫወቱልን" ያለው የሠፈር ሰው ነው።

ከሦስቱም የምረዳው አንድ ነገር ነው። ሙያ ሥር የሚሰደው የገዛ አገሩ ሰው በደስታውና በበዓሉ ቀን ሲፈልገው ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባም ቱሪስትም ውጭ አገርም ይመጣሉ። ሥሩ ሳይኖር እነሱ ቢመጡ አንድ ሰሞን ገዝተው ይሄዳሉ።

እኛ አርሲዎች ይህንን ከቅርብ እናውቀዋለን፤ በሌላ ሙያ ቢሆንም። በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት። ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በማራቶን፣ ከዚያም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የኦሎምፒክ ወርቅ አምጥተዋል። ፋጡማ በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት፤ ቀጥላ ቦስተንን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። ብዙ ሰው ምክንያቱ የደጋው አየር ነው ይላል። አየሩማ ጮሌም አለ! በቆጂ ላይ የተጨመረው ሌላ ነገር ነው። የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን አይተው ለዩ፤ በየማለዳው የማይቋረጥ ልምምድ ነበር፤ ከሜዳው ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚወስደው መንገድ ታወቀ። አንዷ ስትሄድበት ሌላዋ አየች። ሩጫ "ልጅ የሚጫወተው" መሆኑ ቀርቶ እናትና አባት የሚያምኑት ሙያ ሆነ። የአዳዳዬ ልጅ ያጣችው ይህን ነው። እጇ አለ፤ መንገዱን ሄዳበት ያሳየቻት ሰው ግን የለችም።

በእኛ አካባቢ ድሮ ጪጮ ከሠርግ አይቀርም ነበር። አሁን ለወተቱ ፕላስቲክ አለ። ፕላስቲኩን አልኮንንም፤ ይረክሳል፣ አይሰበርም፣ ይታጠባል። አኮ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ ራሳቸው ጀሪካን ይመርጣሉ። ስለዚህ "ወደ ድሮው እንመለስ" ማለት አያዋጣም። ጥያቄው ያ ጥብቅ ስፌት በዛሬ ቤታችን ውስጥ ምን ቦታ ሊኖረው ይችላል የሚለው ነው።

መልሱን ያመጣችው የአዳዳዬ ልጅ ናት። ከረመዷን በፊት ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ በቡጢ መጠን የሆነች፣ ክዳን ያላት ትንሽ ጪጮ ሠርታ ሰጠችኝ። "ተምር አስቀምጪባት" አለችኝ። ዶርም ይዤያት መጣሁ። ለፈጡር ክዳኗን ስከፍት አብረውኝ የሚያፈጥሩት እህቶች ከተምሩ በፊት ዕቃዋን አነሱ። "ከየት ነው? ስንት ነው?" ተባልኩ። ስንት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሠሪዋም አታውቅም ነበር።

አካውንቲንግ የምትማር ጓደኛዬ ወረቀት አወጣች። ለስፌቱ የሚገባው ስንት ብር ነው? ዶቃውስ? ስንት ቀን ይፈጃል? ጮሌ ውስጥ የቀን ሥራ ስንት ይከፈላል? ከጮሌ እዚህ ድረስ ማጓጓዣው ስንት ነው? በስልክ እየጠየቅን ጻፍን። ትንሿ ጪጮ ሦስት ቀን ትፈጃለች። ሁሉም ተደምሮ ትንሽ ትርፍ ሲጨመርበት 650 ብር ሆነ። አዳዳዬ በትልቁ ጪጮ ለሦስት ሳምንት የሚያገኙት 700 ብር መሆኑን አስታውሱ። ሒሳቡን ስንነግራቸው ስልኩ ላይ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ለዓመታት ድካማቸውን ሳይቆጥሩ ዕቃውን ብቻ ሲሸጡ እንደኖሩ ያን ቀን በቁጥር አዩት።

ለዚያ ረመዷን 14 ትዕዛዝ ተሰበሰበ። ግማሹ ቀብድ በቴሌብር ተላከላት፤ ዕቃው በአሰላ በኩል በመኪና መጣ። በእያንዳንዷ ውስጥ ትንሽ ወረቀት ነበረች፦ የሠሪዋ ስም፣ ጮሌ፣ አርሲ፣ የሠራችበት ወር። 14 ጪጮ ከዓረብ አገር ደመወዝ ጋር አይወዳደርም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ፓስፖርቷም አሁን ድረስ ሣጥን ውስጥ አለ። ግን ጥያቄዋ ተለውጧል። ድሮ "ይህ ሥራ ምን ያበላል?" ትል ነበር። አሁን "ለዒድስ ስንት ይፈልጋሉ?" ትላለች። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በእኛ እጅ ነው።

ይህ ነገር የስፌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግቢያችንን እንይ። ፖስተር የሚሠራ፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ ነሺዳ የሚያዜም፣ በዓረብኛ ፊደል የሚጽፍ፣ የኒካህ ካርድ የሚነድፍ፣ ሒና የምትቀባ፣ ሒጃብ የምትሰፋ ልጅ በየብሎኩ አለ። ከእነሱ አንዱ፣ የጀመዓችን ወንድም፣ በአንድ ሴሚስተር ከ30 በላይ ፖስተር እንደሠራና የተከፈለው ለሁለቱ ብቻ እንደሆነ አጫውቶኛል። ለሌላው ሁሉ የተባለው "ለአላህ ብለህ" ነበር። እሱ ያለኝን አልረሳውም፦ "ለአላህ ብዬ የምሠራውን እኔ ልምረጥ፤ ሌላ ሰው አይምረጥልኝ።" ለደርስ ማስታወቂያ በነፃ ይሠራል፤ ደስ ብሎት ነው። የልብስ ሱቅ የከፈተ ጓደኛው ፖስተር ግን ሥራ ነው። ሥራ ዋጋ አለው።

የሠራተኛ ዋጋ ሳይዘገይ እንዲከፈል የታዘዝን ሰዎች ነን። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በደርስ ሰምተናል። የእጅ ሥራ በዲናችን ክብር እንዳለው ለማንም መንገር አያስፈልግም። የጎደለው ክብሩን ወደ ብር መቀየር ነው፤ ቀብድ መስጠት፣ በቀጠሮ መክፈል፣ ስም መጻፍ።

ስም መጻፉ በሕግም ያለ ነገር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን የፈጠረው ሰው ስሙ ከሥራው ጋር እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መብቱ የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ምዝገባ አይጠብቅም። የባለሙያው የገንዘብ መብት ደግሞ በመሠረቱ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የወንድማችንን ፎቶ ከቴሌግራም አውርደን ስሙን ቆርጠን ስንለጥፍ የምንወስደው መብት አለ። ሕግ የምትማሩ እህትና ወንድሞች ይህን ለባለሙያዎቻችን በአንድ ምሽት ብታብራሩላቸው ትልቅ አገልግሎት ነው።

"መነሻ ገንዘብስ?" የሚል አለ። ብዙ ወጣት ሙስሊም ባለሙያ ወለድ ፈርቶ ብድር አይጠይቅም። ዛሬ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አለ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ግን ክርና ዶቃ ለመግዛት ባንክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሙዳረባን በፊቅህ ትምህርት አውቀነዋል፤ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይሠራል፣ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። አምስት ተማሪዎች አምስት መቶ አምስት መቶ ብር ቢያዋጡ ለአንዲት ሰፊ የሦስት ወር ጥሬ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ቀርድ ሐሰንም አለ፤ እናቶቻችን የሚያውቁት ዕቁብም አለ።

"እኛ ራሳችን ገንዘብ የሌለን ተማሪዎች ነን" እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን አዲስ ወጪ አውጡ አላልኩም። በየዓመቱ የምናወጣውን ቁጠሩ፦ ለተመራቂዎች ስጦታ፣ ለእንግዳ ኡስታዝ ማስታወሻ፣ ለዒድ ዝግጅት ማስጌጫ፣ ለኒካህ ጥሪ ካርድ። ይህ ብር ዛሬም ከእጃችን ይወጣል፤ የሚሄደው ግን የማናውቀው ፋብሪካ ወደሠራው ፕላስቲክ ዋንጫና ሰው ሠራሽ አበባ ነው። ያንኑ ብር አዙረን ብናወጣው የአንድ ሰው የሥራ ዓመት ሊጀምር ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው እረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ከሠፈራችሁ አንድ ባለሙያ ጋር ተቀመጡ። ምን ይሠራል፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ስንት ይሸጣል፣ ስሙ ማን ነው ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቷን ይዛችሁ ተመለሱ። ከጅማ፣ ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከስልጤ፣ ከባሌ የመጣን ልጆች ነን፤ ሁላችንም አንድ አንድ ስም ብናመጣ ጀመዓው የሚያዝበት ዝርዝር ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ። ሦስት ቀን የፈጀን ነገር በመቶ ብር ስንጠይቅ የምንከራከረው ከአንድ ሰው ምሳ ጋር ነው። ሦስተኛ፣ የዘንድሮን የተመራቂዎች ስጦታ የምታዘጋጁ እህትና ወንድሞች ትዕዛዙን አሁኑኑ አስቡበት። ሰኔ ሲደርስ የሚታዘዝ የእጅ ሥራ አይደርስም፤ ሰፊዋ ዝናቡ ሳይገባ ጥሬ ዕቃዋን መሰብሰብ አለባት።

የአዳዳዬን ልጅ "አትሂጂ" የማለት መብት ያለኝ አይመስለኝም። መሄድም መቅረትም የራሷ ነው፤ ሪዝቅም ከአላህ ነው። ብትሄድ ግን እጇ ላይ ያለው ነገር ዋጋ እንደሌለው አምና እንዳትሄድ እፈልጋለሁ። ብትቀር ደግሞ የምትቀርበት ምክንያት እንዲኖራት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የተጻፈ፣ ቀብድ የተከፈለበት ትዕዛዝ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጆቻቸው በሚሠሩት ሁሉ ላይ በረካ ያድርግ።